ባዶ ወንበር የለም ያለው መምህር

የመምህር እንድሪስን ሞት የነገረኝ ሞላ ነው። ወልድያ፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ የተበላሸ ፋይል ስጠግን ስልኬ ጮኸ። ሞላ አብሮኝ የተማረ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ መርዶ መናገር አያውቅበትም። "ብርቄ፣ ቲቸር አርፏል" አለኝ። ከጅቡቲ የተመለሰ የከባድ መኪና ሹፌር መርሳ መናኸሪያ ወርዶ ነው አሉ የተናገረው። ያ የአንዲት ልጅ ፎቶ ይዞ በባሕሩ ዳር ሲጠይቅ የከረመው ያገራችሁ ሰው ትኩሳት ይዞት ሞተ፣ እዚያው ቀበርነው ብሎ።

"ለቅሶው የት ነው?" አልኩት። መምህር እንድሪስ መርሳ ላይ ወንድም የለው፣ እህት የለው፣ ሚስት የለው።

"እማማ ዘሐራ ቤት።"

የእማማ ዘሐራ ልጅ ሰዓዳ በደላላ ተታላ ወደ ዓረብ አገር በእግር ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌዎች ደጋግመው "አልቅሰው ይውጣልዎ፤ ሰደቃዋን ያውጡላት" ሲሏቸው አሻፈረኝ ያሉ ሴት ናቸው። ለገዛ ልጃቸው ያላነጠፉትን የለቅሶ ምንጣፍ ለመምህር እንድሪስ አነጠፉ። ለምን እንዳነጠፉ የማውቅ መስሎኝ ነበር። መርሳ የሚወርደውን ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ያሳለፍኩትም ለዚህ ነው።

መምህር እንድሪስን ያወቅኩት ጦርነቱ አልፎን ከሄደ በኋላ፣ መብራት ለወራት በጠፋበት ጊዜ ነው። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ "የኮምፒውተር ማሰልጠኛ" የሚል ታፔላ ሰቅሎ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አቧራ እንዳይበላቸው ነጠላ ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልክ እንደ አዲስ ሙሽራ። ሰውየው ከአርባ አይዘልም። ቀጭን ነው፤ ጠመኔውን በግራ እጅጌው ስለሚጠርግ የሸሚዙ አንድ ክንድ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ለማሽኖቹ አንቱ ነበር የሚላቸው። በኋላ መብራት ሲመጣ ቁልፉን እየተጫነ "እስቲ ይነሱ፣ በቃ ብዙ ተኙ" ሲል ሰምቼ በሳቅ ሞቻለሁ። እኛ እሱን አንቱ ስንለው ግን ይቆጣል። "አንቱታው ለማሽኑ ይሁን፤ እኔን አንተ በሉኝ" ይላል።

ወደ እሱ የሚመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በየትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልጀምር የሚል። የአንዱ የአጎት ልጅ አዲስ አበባ ላይ ፓይተን ተምሮ ተቀጥሯል። አንዷ ጃቫስክሪፕት የሚባል ነገር ቀላል ነው ሲሉ ስልክ ላይ አይታለች። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ቁጭ ብዬ የናቴን ፊት ማየት ሰልችቶኝ፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው በሩን ያንኳኳሁት።

"ተቀመጪ" አለኝ። ወንበር አሳየኝ።

ትምህርቱ ወንበር ነበር። መብራት ስለሌለ ማሽኑን በሰው ሠራው። አምስት ወንበሮች በረድፍ ይደረደራሉ፤ ሁለት ፕላስቲክ፣ አንድ ስፖንጁ የተቀደደ የብረት ወንበር፣ አንድ የእንጨት፣ አንድ ዱካ። እያንዳንዱ ወንበር ማሽኑ ቁጥር የሚያስቀምጥበት አንድ ሳጥን ነው። የተቀመጠው ሰው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በተጣለ ወረቀት ላይ የተጻፈች ቁጥር ይይዛል። አንባቢ የሚባል ሰው ደግሞ ከወንበር ወንበር እየሄደ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ በጻፈው ትእዛዝ መሠረት አንዱ ይደመራል፣ አንዱ ይለወጣል። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። "ድምፅሽ እንደ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ለሥራ እናውለው" አለኝ። የአንባቢን ሕግ የሰጠኝ በዚያው ቀን ነው።

"ማሽን ሞኝ ነው፤ ሞኝ ደግሞ አይዋሽም። አንባቢም እንደሱ ናት። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም፣ አታዝኚም። ያየሽውን ትናገሪያለሽ።"

ቋንቋው ሲ የሚባለው ነበር። ሌላ አያስተምርም። ሞላ አንድ ቀን አላስችል ብሎት "ቲቸር፣ ዓለም ሁሉ በፓይተን ይጀምራል፤ የመርሳ ልጅ ብቻ ነው እንዴ በአስቸጋሪው የሚጀምረው?" አለው።

መምህር እንድሪስ አልተቆጣም። "ተነሳ" አለው። ሞላ ቁጥሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሳ። "አሁን ወንበሩ ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ብርቄ፣ አንብቢ።"

ሄጄ አየሁ። "ሰባት" አልኩ።

"ባዶ ወንበር የለም" አለ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሁላችንም አንገታችንን እናሰግጋለን። "አዲስ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ የቀድሞው የተወው ነገር አለበት። ፓይተን ያላስቀመጣችሁትን ነገር ስትጠይቁት እንዲህ የሚባል አላውቅም ብሎ ይቆጣና ይገላግላችኋል። ሲ አይቆጣም። ማን እንደተወው የማይታወቅ ነገር ከዚያ ወንበር ላይ አንስቶ ይሰጣችኋል። እናንተም መልስ መስሏችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ይህንን ሳትፈሩ ማሽን እንድትነኩ አልፈልግም።"

የመርሳ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጫጫው፣ ላብ ጀርባዬ ላይ እየወረደ፣ እኔ ግን በረደኝ።

ሰዓዳ የመጣችው ከኔ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ሳቂታ ናት፤ በአረንጓዴ ስክሪብቶ ካልሆነ አትጽፍም። ወንድም የላትም፣ አባቷ ሞቷል፤ እናቷ እማማ ዘሐራ ጉልበታቸውን ታመው ከቤት አይርቁም። ገና ከመግባቷ ጠየቀች።

"ቲቸር፣ በየትኛው ብጀምር ነው ቶሎ ሥራ የማገኘው?"

"በሲ ነው የምትጀምሪው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"በደንብ ከያዝሽው ዓመት።"

"ፓይተን ቢሆንስ? ስድስት ወር ነው ይላሉ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አላት። ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሁለት ሳምንት ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ስፖንጁ የተቀደደው ላይ፣ ተቀመጠች። ከዚያ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች ሴቶች ጋር በሐራ አድርጋ ወደ ጭፍራ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ መውረዷን ሰማን።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቀደም። ረድፉ ውስጥ ግን ይቆማል። ስም ሲጠራ "ሰዓዳ" ብሎ ይጠብቃል። የሌሎቻችንን ስም ጠርቶ ካልመለስን ወዲያው ያልፋል፤ የሷን ግን አንድ ሰው ከጓሮ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ያህል ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ወንበሩን ነበር የማየው። አንድ ቀን ወንበሩን ትቼ ፊቱን አየሁ። ራሱን ነቀነቀ፤ ለሰው እሺ እንደሚባለው። ከዚያም መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። ሲወጣ ሮጬ መዝገቡን ገለጥኩት። እኔ አራት ቀን ቀርቻለሁ። ሞላ የቀረበትን መቁጠር ያስቸግራል። ሰዓዳ አንድም ቀን አልቀረችም።

የንባብ ተራዬ ሲደርስ ይብስ ነበር።

"ሦስተኛውን አንብቢ።"

"ባዶ ነው ቲቸር።"

"ባዶ አይባልም።"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"ምንም። ቁሚና ጠብቂ።"

እቆማለሁ። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። እሺ እለፊ እስኪለኝ ድረስ ያንን የተቀደደ ስፖንጅ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ተጨፍልቆ የነበረው ቀስ እያለ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል። ከሙቀቱ ነው እላለሁ። አሁንም ከሙቀቱ ነው እላለሁ። ከዚህ በላይ ላብራራው ግን አልፈልግም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የልቡን ሲናገር የሰማሁት። ሰሌዳ ስጠርግ ከኋላዬ "ፓይተን ብላት ኖሮ ስድስት ወር ትቀመጥ ነበር" አለ። ስዞር ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። እኔ እሱን ጥፋተኛ አላደርገውም፤ ደላላው ስድስት ቀንም አይሰጣት ነበር። ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከተማው ደግሞ ዝም አይልም። በመስኮት የሚያልፍ ሰው የሚያየው ወጣቶች ተሰልፈው ተቀምጠው፣ በእጃቸው ቁራጭ ወረቀት ይዘው፣ አንዷ እየዞረች ስትጮህ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ "ሦስተኛው ምን አለ?" ብሎ ባዶ ወንበር ሲያናግር ነው። ምን ይበል? መምህር እንድሪስ የጠፋ ሰው ያስጠራል ተባለ። አንድ ጠዋት ስንመጣ የክፍሉ ደፍ ላይ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ሽቶ ተረጭቶ አገኘን። ሞላ ፈንዲሻውን እያነሳ ሊበላ ሲል እጁን መታሁት።

በዚህ ወሬ ነው እማማ ዘሐራ የመጡት። ሁለት ጊዜ ሰው ልከው ነበር፤ መምህሩ "ትምህርት ነው፣ ጥንቆላ አይደለም" ብሎ መለሳቸው። በሦስተኛው ራሳቸው፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ በምርኩዝ መጡ። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠውባቸዋል፤ ከዚህ በኋላ ወይ ያልቅሱላት ወይ ሰው አያስቸግሩ ብለው። በሩ ላይ ቆመው እንዲህ አሉት፦

"አንተ ልጄን ቆዪ አልካት፤ አልቆየችም። እኔን ደግሞ ቆዪ አትበለኝ። እኔ መጠበቅ አልከበደኝም፤ ከሞተች ግን አፈር ሳላለብሳት፣ ሳላለቅስላት መዋሌ ነው የሚያቃጥለኝ። አለች ወይስ የለችም? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ጠይቅልኝ።"

መምህር እንድሪስ "ነገ ይምጡ" አላቸው።

በማግስቱ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጽፏል፤ ሦስተኛው ወንበር አንድ ከያዘ አለች፣ ዜሮ ከያዘ የለችም። ከዚያ ሞላን ሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሰዓዳ ከሄደች ወዲህ ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያው ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ብሎ በራሱ እጅ ጽፎ ሰጠው። ለእናትየዋ ደግሞ ግድግዳው ጥግ አግዳሚ አዘጋጀ።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ማታለል ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። እናት ናት፤ ትጠብቅ። መጠበቅ ሰው አይገድልም" አለኝ። ሰሌዳው ወዳለበት ዞሮ ፊቱን ደበቀኝ።

አሁን የሆነውን በደንብ ልናገር፤ ሌላ አገር ቢሆን አይሆንም ነበርና። እማማ ዘሐራ ከበሩ ሲገቡ ሁላችንም "ኖር!" ብለን ተነሳን። አዛውንት ሲገባ ተቀምጦ የሚቀር ልጅ በእኛ ወረዳ፣ ሀብሩ ውስጥ አልተወለደም። እሳቸውም "ኧረ በአላህ ተቀመጡ" አሉ። ለበሩ ቅርብ የነበረው ሞላ ነው። ማሽን ነኝ፣ ሳጥን ነኝ የሚለውን ሁሉ ረስቶ፣ እንደ ደንቡ ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሳቸውም ጉልበታቸው ስለከዳቸው ተቀመጡበት። መምህር እንድሪስ ከሰሌዳው ሲዞር እናትየዋ በልጃቸው ወንበር ላይ ናቸው፤ ሞላ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አንድ የምትለዋ ወረቀት ጡጫው ውስጥ ናት።

መምህሩ አየ። እኔም አየሁ። ይነሱ እንዳንላቸው ነውር ነው። ሞላ ወረቀቷን እንዳያቀብል እናትየዋ እያዩት ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። "ዛሬ አልሆነም" ቢል ማንም አይጠይቀውም። ግን የወንበሩን ነገር እሱ ራሱ ማመን ጀምሮ ነበር መሰለኝ። አፉን ጠራረገና "አንብቢ" አለኝ።

አንደኛውን አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ እማማ ዘሐራ ጣታቸውን የስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ እያንቀሳቀሱ ነበር፤ አዛውንት ሲጨንቃቸው የልብሳቸውን ጫፍ እንደሚያሹት። ጣታቸው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ተጣጥፎ የተጨማደደ ቁራጭ ወረቀት ነው። ዘረጉና ወደ እኔ አቀኑት።

"ምን ይላል ልጄ?"

በአረንጓዴ ስክሪብቶ የተጻፈ ዜሮ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ስንጀምር ሁላችንም መጀመሪያ የምንይዘው ዜሮ ነበር፤ ሰዓዳም አንድ ቀን ይዛው ቀዳዳው ውስጥ ወትፋው ሊሆን ይችላል። ይህን ያሰብኩት ግን ከሳምንት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የታየኝ ልጅቷ ራሷ ከዚያ ወንበር ላይ የላከችው መልስ ነው። የእናትየዋን ዓይን አየሁ። ሕጉን አውቃለሁ፤ አትጨምሪም፣ አትቀንሺም፣ አታዝኚም።

አዘንኩ። "አንድ" አልኩ።

እማማ ዘሐራ ወረቀቷን ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያ አጣጥፈው የሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ሞላ ደግፎ ቤታቸው አደረሳቸው።

ሞላ ሲመለስ መምህር እንድሪስ "እጅህን ክፈት" አለው። ከፈተ። አንድ። ወረቀቷ በላብ ርሳለች። መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

"እሳቸው የያዙት በምን የተጻፈ ነው?"

"በአረንጓዴ" አልኩ። ይህቺ እውነት ነበረች። ከውሸቴ ይልቅ የጎዳችውም እሷ ናት።

ወንበሩን ብቻውን ወደ መስኮቱ አቀረበና አጠገቡ ቆመ። የክፍሉን ቁልፍ የሰጠኝ በሦስተኛው ቀን ነው። የሰዓዳን ፎቶ ከእናትየዋ ተቀብሎ ሊፈልጋት ተነስቶ ነበር። "ባዶ ወንበር የለም አላልኳችሁም?" አለኝ፤ ፈገግ አለ። በዕድሜዬ ፈገግታ እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም። ዜሮ ነበር የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እማማ ዘሐራ እህል መቅመስ ጀምረዋል፣ ጎረቤት ሰላም ይላሉ። እሱም ሳምንት ሳይሞላው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል ብዬ ዋጥኩት። የጭፍራው መኪና አስፋልቱን ለቆ ሲታጠፍ አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወልድያ ተቀጥሬ ስሠራ ልጆች ይመጡና በየትኛው ልጀምር ይሉኛል። በፓይተን ጀምሩ እላቸዋለሁ። ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የማያውቀውን አላውቅም ስለሚል ነው።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ምንጣፉ ላይ ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ውጭ ዳሱ ውስጥ ናቸው። እማማ ዘሐራ ነጭ ተከናንበው መሐል ተቀምጠዋል፤ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ፤ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ለሶላት ሲወጡ እማማ ጉልበታቸው ስለማያሰግዳቸው ተቀምጠው ሰግደው ጨረሱ፤ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ተንበረከኩ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያኔ ያነበብኩልዎት ወረቀት…"

"ዜሮ ነበር" አሉ።

ሻሻቸውን ፈትተው ወረቀቷን አወጡ። አረንጓዴው ደብዝዟል።

"ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይን አለኝ። ክብና መስመር እለያለሁ። አንቺም ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? እሱ እኮ በዚህ ነው የሄደው!"

ወረቀቷን በጣታቸው አለሰለሱ። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም።

"እኔን እግሬ እንኳን ጭፍራ፣ ሐራም አያደርሰኝ። ወንድም የላት፣ አባት የላት። ሞታም ቢሆን አንድ ሰው ስሟን እየጠራ በዚያ ምድረ በዳ ይሂድላት ብዬ ነው። ፎቶውን ሊጠይቀኝ ሲመጣ ዜሮ ነው ብለው ኖሮ ይቀር ነበር፤ አላልኩትም።"

"ይመለሳል ብለው አስበው ነበር?"

"እንጃ ልጄ። ስሰጠው እጁን ሳምኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ነው የሚያውቀው።"

ውጭ የሴቶቹ ድምፅ እየቀረበ መጣ። እማማ ዘሐራ ክንዴን ይዘው ወደ ምንጣፉ ሳቡኝ። እጃቸው እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነበር።

"አንቺም ዋሸሽ፣ እኔም ዋሸሁ" አሉኝ በጆሮዬ። "ያመነ እሱ ብቻ ነው። በይ ተቀመጪና አልቅሺለት።"